ያልታመመችውን ሴስና እንዴት እንዳከምኳት

ቤት ያለኝ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ነው። ያረጀ ነው፤ ኮምፒውተሬ የሚችለው ግን እሱን ብቻ ነው። አንድ ቀን በነፃ የምትገኝ ሴስና 172 የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አወረድኩና ጫንኩ፣ ቦሌ መንደርደሪያ ላይ አቆምኳት፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጠኋት። ከለመድኩት በላይ ተንደርድራም እንደ ምንም ነው የተነሣችው። ከተነሣች በኋላም የከፍታ ጭማሪውን የሚያሳየው መርፌ ከዜሮ አልርቅ አለ። ሠሪው አበላሽቷታል ብዬ ደመደምኩ።

በዚህ ሲሙሌተር የአንድ አውሮፕላን ጠባይ በአብዛኛው የተጻፈው ኤርክራፍት ዶት ሲኤፍጂ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። ኖትፓድ ይከፍተዋል። ክብደቱ፣ ሞተሩ፣ ጎማው፣ መብራቱ ሁሉም በየክፍሉ በቁጥር ተደርድሯል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ «ፓወር ስኬለር» የሚል፣ የሞተሩን ጉልበት የሚያባዛ ቁጥር የያዘ መስመር አለ፤ 1.0 ይላል። 1.3 አደረግኩት። ኮፒ እንኳ ሳላስቀር!

ቦሌ ላይ ላባ ሆነች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን እንደ መሐንዲስ ስቆጥር ከረምኩ። ከዚያ ጂቡቲ ወሰድኳት። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ተነሥቼ ዝቅ ብዬ ቀጥ ስል ፍጥነቷ 137 ኖት (በሰዓት 137 የባሕር ማይል) ደረሰ፤ የእውነተኛዋ መመሪያ ግን በባሕር ጠለል ላይ ቢበዛ 126 ነው የሚለው። የሞተሩ ዙርም በደቂቃ 2,700 ላይ ያለውን ቀይ መስመር አልፎ ሄደ። ሴስና መሆኗ ቀርቷል።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ሰው ነው። ግቢያችን ውስጥ ቮልስ የሚጠግኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ከስክሪኑ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምተው ብቅ አሉ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጋሼ፣ ይቺ አውሮፕላን ጂቡቲ ላይ ታብዳለች፣ ቦሌ ላይ ግን ጉልበት ካልጨመርኩላት አትነሣም።»

«ነዳጁን ቀነስክላት?»

«ኧረ እንዴት ልቀንስባት? ጉልበት አጣች እኮ ነው የምልዎት!»

«አየሩ ሳስቷል እኮ ልጄ። ከድሬዳዋ የመጣ ቮልስ እዚህ ሲደርስ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ለምን ይመስልሃል? ነዳጁ ያው ነው፣ አየሩ ነው ያነሰው።»

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ግን ካልኩሌተር አወጣሁ። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ የሴስናዋ 180 የፈረስ ጉልበት እዚህ 140 ገደማ ይቀራል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የደረሰ ከሰዓት ላይ ደግሞ አየሩ እንደ 10,600 ጫማ አየር ይሳሳል። በዚህ ላይ እኔ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ የሚመጥነውን ቀይ ዘንግ እስከ ጥግ ገፍቼ ነበር የምነሣው። የቀረችውን ጉልበት በነዳጅ አንቄ የያዝኩት እኔው ነኝ።

ፓወር ስኬለርን ወደ 1.0 መለስኩት። ከመንደርደሬ በፊት ጋዙን ሙሉ ሰጥቼ ድብልቁን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 2 ቀስ እያልኩ ቀነስኩ። የዙሩ መርፌ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መለስ አደረግኩት። ያኔ ተነሣች። እንደ ጂቡቲው አይደለም፤ ግን እውነተኛዋም ቦሌ ላይ እንደዚያው ነች።

በእርግጥ መለወጥ የነበረበትን የለወጥኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በ«ኢቲ» የሚጀምር የኢትዮጵያ መለያ ልጽፍላት ፈለግኩ። አዲስ ቀለም ለማስገባት «ፍልትሲም» የሚለውን ክፍል ኮፒ አድርጎ ተከታይ ቁጥር መስጠት ይጠይቃል። እኔ ከ0 ወደ 2 ዘለልኩ፤ ሲሙሌተሩም አዲሷን ከነአካቴው አላያትም። ቁጥሯን አስተካክዬ ስከፍታት ደግሞ ፊደሎቹ ተዘቅዝቀዋል። ለካ ይህ ሲሙሌተር ዲዲኤስ የሚባለውን የሥዕል ፋይል የሚያነበው ተገልብጦ ሲቀመጥለት ነው።

ጎማው ግን አንድ ሙሉ ምሽት በላብኝ። ለጠጠር ሜዳ አፍንጫዋ ትንሽ ከፍ እንዲልልኝ ብዬ የፊት ጎማውን መስመር ነካሁ። እያንዳንዱ ጎማ አንድ መስመር አለው፤ በ1 ይጀምርና የፊትና ኋላ፣ የጎን፣ የላይና ታች ቦታው በጫማ ይከተላል። የመጨረሻውን በግማሽ ጫማ ወደ ታች አወረድኩ። አውሮፕላኗ ገና ስትከፈት እንደ ፌንጣ ዘላ ጭራዋን መሬት ላይ መታች። እዚያው ክፍል ውስጥ አውሮፕላኗ ቆማ የሚኖራትን ከፍታና የአፍንጫዋን ዘንበልታ የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ እነሱን ሳይነኩ ጎማ መንካት አይቻልም። ልክ ሊገባልኝ ሲል መብራት ሄደ። ደግነቱ በዚያ ጊዜ የፋይሉን ኮፒ በየለውጡ ማስቀመጥ ጀምሬ ነበር፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ቁጥር በላይ አልነካም ነበር።

አሁን በደንብ ትበራለች። የቀኝ ጎኗ መለያ ብቻ እስካሁን በመስታወት እንደታየ ጽሑፍ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ ሠሪው ለሁለቱም ጎን አንድ ሥዕል ነው የተጠቀመው። እሱን ለማስተካከል ሞዴሉን ራሱን መፍታት ያስፈልጋል። እስከዚያው ፎቶ የማነሣት በግራ በኩል ነው።