የአጎቴ በገናና ሁለተኛው አልበም

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ አሁንም አላባራም። መብራት ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የለም። በስልኬ ነው የምጽፈው፣ ባትሪዬ 31 ላይ ደርሷል።

የእንግሊዙ ሮክ ቡድን የብላክ ሳባዝ ዘፋኝ ኦዚ ኦስቦርን ሐምሌ 15 ሞተ፤ 76 ዓመቱ ነበር። ገና 17 ቀን ቀደም ብሎ በተወለደባት በበርሚንግሃም ዙፋን መሳይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ተሰናብቶ ነበር። ወሬውን የነገረኝ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ደውሎ «ሞተ እኮ!» ሲለኝ ከዘመድ አንዱ መስሎኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ማን መሆኑን ሲነግረኝ ደግሞ በመደንገጤ አፈርሁ፤ ቆይቶ ግን እውነትም ከፋኝ።

ብላክ ሳባዝን ያስለመደኝ ይኸው የአክስቴ ልጅ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ የቡድኑን አንደኛና ሁለተኛ አልበም በፍላሽ ይዞልኝ መጣ፣ ፍርዱንም አብሮ ሰጠኝ፤ «አልበም ማለት አንደኛው ነው። ሁለተኛው የገበያ ነው።» ምክንያት አላጣም። አንደኛው በአንድ ቀን ተቀድቶ ያለቀ ነው። ሁለተኛው፣ ፓራኖይድ፣ በዚያው በፈረንጆቹ 1970 ሰባት ወር ቆይቶ ወጣ። ስሙን ያገኘው የአልበሙ ርዝመት ቢጎድል ለመሙያ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተሠርታ ከገባች አጭር ዘፈን ነው። መሙያዪቱ ዝነኛ ሆና ቁጭ አለች፣ አልበሙም እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ። «ጠላ ሲያልቅ ውኃ ጨምረው፣ እንግዳው ውኃውን አመሰገነ» ይላል የአክስቴ ልጅ።

እኔም ይህንኑ ስደግም ኖርሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ ሳባዝ ሁለተኛ አልበም የሚጠይቅ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ለራሴው ነው። ኢንተርኔት ጠፍቶ በነበረባቸው ወራት እንኳ ያለኝ ያቺው ፍላሽ ሆና ሳለ አንደኛውን ደጋግሜ ሁለተኛውን እዘለው ነበር።

በዚህ ሳምንት ግን ሱቅ ውስጥ ከፈትሁት። ሥራዬ ሞባይል መጠገንና ዘፈን መጫን ነው፤ ሐምሌ ሲሆን ደንበኛ የለም፣ ዝናብ ሊያስጠልል የሚገባ ሰው ግን አይጠፋም። የገባውም ሳይወድ ሰማ።

እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ በር ላይ ቆም አለችና «ይኸ ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያላዝነው?» አለች። ስለ ኦዚ ድምፅ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከዚህ የቀረበ አልሰማሁም።

ጎረቤቴ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠረ ልጅ ነው። የቡድኑን ስም ትርጉም ጠየቀኝ። «ጥቁር ሰንበት» ስለው አማተበ። አልበሙ መጀመሪያ ሊጠራበት የነበረውን የመክፈቻውን ዘፈን ተረጎምሁለት፤ ጄኔራሎች እንደ ጠንቋይ ተሰብስበው ጦርነት ያሰናዳሉ፣ የሚዋጋው ድኻው ነው፣ መጨረሻ ላይ የፍርድ ቀን ሲመጣ ተንበርክከው ምሕረት ይለምናሉ። ግጥሙን የጻፈው ባስ ጊታር የሚመታው ጊዘር በትለር ነው፤ ዘመኑም የቬትናም ጦርነት ዘመን ነበር። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «ሰሙ ጠንቋይ፣ ወርቁ ጄኔራል» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ «እዚህ ሆነው ነው እንዴ የጻፉት?» ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም። ዝናቡ ሳያባራ ወጣ።

ከሱቄ አጠገብ ብየዳ ቤት ያላቸው ሰውዬ ሌላ ነገር ሰሙ። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደ ነበር ነገርኋቸው። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን፣ ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለ ሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው በተቆረጠው እጅ ነው። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራና ከላዩ ቆዳ ለጠፈበት። ሰውዬው የፕላስቲኩን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «አዎ፣ ፕላስቲክ ብቻውን ክር ላይ ያንሸራትታል። ቆዳው ይይዝለታል» አሉ የራሳቸውን አውራ ጣት ጠባሳ እያሹ። ስለ አልበሙ ስም አውጪ ዘፈን «ይቸኩላል» ነው ያሉት። አራተኛው በዚያ በከባድ የከበሮ ምት ሲጀምር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ መዶሻ ነው። ለዚያውም የባለ ሙያ መዶሻ፣ ብረቱን ይጠብቀዋል።»

ትናንት ማታ ስፒከሬን ብብቴ ሥር ደብቄ አጎቴ ቤት ሄድሁ። በገና ደርዳሪ ናቸው። ሻማ በርቶ ቡና ተፈልቶ ነበር። ስለዚህ ሁሉ ሰው አስተያየት ሳወራ «እስቲ አሰማኝ» አሉ። ፈራሁ፣ ከፈትሁትም። አንድ ደቂቃ ያህል እንደ ሰሙ «ይነዝራል» አሉ። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነበር ያለው።

ተነሥተው በገናውን ከግድግዳው አወረዱ። ከሁዳዴ ወዲህ አልተነካም፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከአውታሮቹ አንዱ በርኩማው፣ አውታሮቹን በሚሸከመው እንጨት፣ ላይ ከሚያርፍበት ሥር ጥፍር የምታህል የቆዳ ቁራጭ በሁለት ጣታቸው ስበው አወጡና አውታሩን መቱት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ እርቃኑን የቀረ ድምፅ ወጣ። ቆዳዋን መለሷት፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ ቦታዋን ፈለጉ፤ በአራተኛው ምት ያ የማውቀው መነዘር መጣ፣ ደረቴ ድረስ። «በገናን በገና ያደረገችው ይቺ ናት» አሉኝ። ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ አላውቅም ነበር! አንድ ጊዜ ደንበኛ የበገና መዝሙር ከፍቶ «ስፒከሬ ተቀዷል፣ ቀይርልኝ» ብሎኝ ስልኩን ፈትቼ ማየቴ ትዝ አለኝና ሳቅሁ።

የጊታሩም ነገር እንደዚያው ነው፤ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ሲገፉት ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተፈለገውም ስንጥቁ ነው። እኔ ግን ይህን ድምፅ ሁልጊዜ የምሰማው እንደ ቁጣ ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን መጣ። እኔ ሁልጊዜ የምዘለው ነው፤ የእጅ ከበሮ ቀስ ብሎ ይመታል፣ የኦዚ ድምፅ በሚሽከረከር ስፒከር አልፎ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል፣ ጊታሩም ለስላሳ ነው። አጎቴ በገናውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«እዚህ ላይ ቆዳውን አውጥቶታል» አሉ።

ከዚያ የብየዳው ሰውዬ መዶሻ ጀመረ፣ መነዘሩም ተመለሰ። ይህን አልበም በቅደም ተከተሉ ሰምቼው አላውቅም ማለት ነው። ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው ነጥዬ ስፈርድበት ነው የኖርሁት፤ ለዚያውም በሰው ፍርድ። የአክስቴ ልጅ አንደኛው ይበልጣል ቢል አሁንም ላልከራከረው እችላለሁ፤ የውኃውን ነገር ግን አልቀበለውም።

ልወጣ ስል አጎቴ ቁልፍ ስልካቸውን ሰጡኝ። «ያቺን ሦስተኛዪቱን ሜሞሪዬ ላይ ጫንልኝ።»

«ሌሎቹንስ?» አልኋቸው።

«ሌሎቹማ በገናው ላይ አሉኝ።»