ሙሳም ፈርቶ ነበር

ዛሬ ጂማ፣ ሂርማታ አካባቢ ኒካህ ላይ ነበርን። የሙሽራው ታናሽ ወንድም ቤተሰቡን ወክሎ እንዲናገር ማይክ ተሰጠው። ቢስሚላህ አለና ዝም። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በስፒከሩ የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው።

ከፊት የተቀመጡት ሼኽ ሳይቸኩሉ ተነሱና አጠገቡ ቆሙ። "አይዞህ ልጄ፣ ነቢዩ ሙሳም ፈርቷል። የሱን ዱዓ በልና ቀጥል" አሉት። ልጁ በለሆሳስ "ረቢሽረሕ ሊ ሰድሪ" አለ። ከዚያ ተናገረ። አጭር ነበር፤ እናቱን ሲያመሰግን ግን ብዙ ሰው አለቀሰ። ሼኹ እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነቃነቁም።

እኔን የያዘኝ ይሄ መቆማቸው ነው። ዱዓውን ብዙዎቻችን ከልጅነት እናውቀዋለን፦ ደረቴን አስፋልኝ፣ ነገሬን አግራልኝ፣ የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ፣ ንግግሬን እንዲረዱልኝ። ቁርኣን ውስጥ ነው፤ ሱረቱ ጣሃ፣ አንቀጽ ከ25 እስከ 28። ቀጥሎ ያለውን ግን እንዘለዋለን። ሙሳ ዐለይሂ ሰላም እዚያው ላይ ወንድሙን ሃሩንን አጋዥ አድርግልኝ ብሎ ለመነ። በሱረቱል ቀሶስ ደግሞ "ሃሩን ከኔ ይልቅ አንደበቱ የተፈታ ነው" ይላል። አላህ ወደ ግብፁ ንጉሥ ወደ ፊርዐውን መሄዱን አላስቀረለትም። የለመነውን ሰጠው። ሁለቱንም "አትፍሩ፣ እኔ ከናንተ ጋር ነኝ፤ እሰማለሁ፣ አያለሁ" አላቸው።

እኛስ? ልጅ ሲፈራ "ወንድ አይደለህም እንዴ!" እንላለን። ሴት ልጅ ስትሆንማ ጭራሽ ማይኩም አይደርሳት።

የመድረሳ ኡስታዞች፣ ልጆቹ በየተራ ተነስተው ትንሽ ትንሽ ቢናገሩ፣ አጠገባቸውም ሰው ቢቆም ምን ይመስላችኋል? ማገዝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።