የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም፦ የበጋው የወፍ ማየት ልምዴ ከመርዓዊ

ሰላም እንዴት ናችሁ ወፍ ወዳዶች። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያየሁትንና የተሳሳትኩትን ላካፍላችሁ ነው፣ የተሳሳትኩት ይበዛል። የምኖረው መርዓዊ ነው፣ ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ለወፍ የሚተርፈኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ያለኝ ያገለገለ 8በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ)፣ አንድ ደብተርና ስልኬ ላይ የጫንኩት መርሊን የሚባል ወፍ የሚለይ አፕ ነው። መጀመሪያ 10 እጥፍ የሚያጎላውን ነበር የፈለግኩት፣ የጓደኛዬን ሞክሬ እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፏም አብራ እስክስታ ስትወርድ ተውኩት።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የገዛ ቋንቋዬ ነው። እኛ ጋ እግሩ የረዘመ ሁሉ ሽመላ ነው አይደል? የጥቅምት ገጼ ላይ «ሽመላ 4፣ ሽመላ 11፣ ትልቅ ሽመላ 1» ይላል፣ ምን ምን እንደነበሩ እግዜር ይወቀው። አሁን ሲበሩ ነው የምለያቸው፣ አንገቱን አጥፎ ትከሻው ውስጥ ቀብሮ የሚበረው ሄሮን ነው፣ አንገቱን እንደ ጦር ቀስሮ የሚበረው ደግሞ ወይ ስቶርክ ወይ ክሬን ነው፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ ምንቃሩ ከቀላ ነጩ ስቶርክ፣ ግራጫ ሆኖ እንደ ጥሩምባ ከጮኸ ክሬን። ክሬን ስል የኮንስትራክሽኑን አይደለም፣ ለነገሩ ማሽኑም ስሙን የወሰደው ከወፏ ነው።

ክሬን ፍለጋ ጭምባ ሄድኩ፣ ግልገል አባይ ጣና የሚገባበት አካባቢ ያለው ረግረግ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን የደረስኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ደንገሉ አለ፣ ከብቱ አለ፣ ከብት የሚከተሉት ነጫጮቹም አሉ፣ ክሬን ግን የለም። አንድ እረኛ ልጅ ባይኖኩላሩን አይቶ ሳቀብኝና «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ለቀማ ወጡ» አለኝ። ለካ ሌሊቱን ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ጎህ ሲቀድ የታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ለመልቀም ይበተናሉ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ዘመድ ቤት አደርኩና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ምንም ሳይታየኝ መጀመሪያ ድምፃቸው መጣ፣ ከዛ ጉሙ ውስጥ መስመር ሠርተው ብቅ አሉ፣ 63 ድረስ ቆጠርኩና ሌላ መንጋ መጥቶ ሲቀላቀልባቸው ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከሩሲያ፣ ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያ ድረስ ነው የሚመጡት፣ መከታተያ መሣሪያ ታስሮላቸው ኢትዮጵያ የገቡ አሉ። ጎንደር በኩል ፎገራ፣ ሸሸርና ወለላ ላይ ደግሞ ከዚህ በጣም ይበዛሉ፣ እሱን ለሌላ ዓመት ይዤዋለሁ።

ቅርቤ ያለው ግን ቆጋ ነው። ግድቡ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራ ስለሆነ በጋ ላይ መስኖው ውሃውን ሲስበው ዳር ዳሩ ጭቃ እየሆነ ይሄዳል፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ትንንሽ እግረ ረጃጅሞች ይሰፍራሉ። እዚያ ነው የተዋረድኩት። ቡናማ ሆነው ጀርባቸው እንደ አሳ ቅርፊት የተደራረበ ወፎች አየሁ፣ ትልልቅም ትንንሽም አሉ፣ ሁለት ዓይነት ናቸው ብዬ ለሦስት ሳምንት ለየብቻ ስቆጥር ከረምኩ። አንድ ዓይነት ናቸው! ራፍ ይባላሉ፣ ትልልቆቹ ወንዶቹ ናቸው ትንንሾቹ ሴቶቹ። ወንዱ አገሩ ሲገባ አንገቱ ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር ያወጣል አሉ፣ እኛ ጋ ግን የሚታየው በሥራ ልብሱ ነው። የሦስት ሳምንት ቁጥሬን በእርሳስ ደመርኩት፣ ምን ይደረግ።

ስለ አቀራረብ አንድ የተማርኩት ነገር፣ ለብቻህ ቀጥ ብለህ ከሄድክባቸው 100 ሜትር ሳትደርስ ይነሳሉ፣ ከብት ጋር ቀስ ብለህ ከሄድክ ግን ከቁብም አይቆጥሩህም። ፀሐይዋ ጀርባህ ላይ ትሁን። ደማቅ ጃኬት ይቅር፣ ጋቢ ይሻላል።

ባይኖኩላር ነገርም አለ። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ በባይኖኩላር ሩቅ ማየት ለሚያይህ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚመስለው። አንዴ ሁለት ሰዎች መጥተው ምን እንደማይ ጠየቁኝ፣ ወፍ አልኳቸው፣ ተያዩ፣ ደብተሬን አገላብጠው «ሽመላ 4» የሚለውን አነበቡና አንደኛው እንደመሳቅ ብሎ ወደ ቤትህ ግባ አለኝ። ገባሁ። ከዛ በኋላ መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ሰላም ሳልልና የመጣሁበትን ሳልናገር አላወጣውም፣ መንገዱ ደህና አይደለም የተባለ ቀን ደግሞ ጭራሽ አልሄድም።

አሁን ዋናው ነገር። አጎቴ በሬ ሲጠምድ እግር እግራቸው ስር እየሮጠች ጭራዋን ላይ ታች የምታደርግ ሆዷ ቢጫ ወፍ አለች፣ ልጅ ሆነን «እረኛዋ» ነበር የምንላት፣ ከጎጃም ወጥታ የማታውቅ የቤት ልጅ ትመስለኝ ነበር። እንግዳ ናት እኮ! ቢጫዋ ዋግቴይል፣ ክረምታቸውን ሸሽታ ከአውሮፓና ከሩሲያ የምትመጣ። ህዳር ላይ ሁሉም ደብዘዝ ያሉ ስለሆኑ አይለዩም፣ የካቲት ላይ ለመንገድ ልብስ ሲቀይሩ ግን ራሳቸው ይናገራል፣ ራሷ ጥቁር የሆነችው ከባልካንና ከቱርክ በኩል ናት፣ ግራጫዋ ከስካንዲኔቪያ በኩል። አንድ በሬ ስር ሁለቱንም ባንዴ አየሁ።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው «እና የመስቀል ወፍስ?» አለኝ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው የመስቀል ወፍ ይባል የለ፣ እኔም መስከረም ላይ መጥታ የምትሄድ ነበር የሚመስለኝ። የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደ አገሩ ይለያያል፣ እኛ ሠፈር ቀይና ጥቁሩ ነው፣ ፈረንጆቹ ቀይ ጳጳስ ይሉታል፣ እነሱም እኛም ከቤተክርስቲያን አልወጣንም። ህዳር መጨረሻ ላይ አጎቴ ዳጉሳ ማሳ ዳር ተቀምጬ ግሪሳ የምንለውን ቡናማ መንጋ ሳይ አንዱ ደረቱ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ቀርቶታል፣ ሌላው ገላው ድንቢጥ ነው። ልብሱን ግማሽ አውልቆ የቀረ! ደጋግሜ አየሁት፣ ፎቶም አነሳሁ (ደብዛዛ ነው፣ አትጠይቁኝ)፣ መርሊንም ያንኑ አለኝ። ለካ የትም አይሄድም፣ ወንዱ ዝናብ ሲመጣ ቀዩን ይለብሳል፣ በጋ ሲገባ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና እህል ላይ ይሰፍራል። መስከረም ላይ እሰይ መጣች ብለን የምናሞግሰውን፣ ህዳር ላይ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እናባርረዋለን ማለት ነው። አጎቴ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ዳጉሳዬን የሚበላው እሱ ነዋ፣ ወንጭፉን አቀብለኝ» አለኝ።

ቀዩ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚመለስ ለማየት እዚያው ማሳ ዳር ያለችውን ፊላ በየሳምንቱ ላያት ነው፣ ከሰኔ ጀምሮ። እናንተም ሠፈር የመስቀል ወፍ የምትሉት የትኛው እንደሆነ ቀለሙን ፃፉልኝ፣ ቢጫ ነው የሚሉ አሉ፣ ጭራው ረጅም ነው የሚሉም አሉ።

የመጨረሻ መዝገቤ የካቲት 26 ነው። ጭምባ ያለው ዘመዴ ደውሎ ክሬኖቹ ሦስት ቀን ሆናቸው ድምፃቸው የለም አለኝ። ቆጋ ላይ ራፍ 19፣ ሁሉንም አንድ ላይ የቆጠርኩት። አጎቴ በሬዎች ስር ቢጫ ዋግቴይል 6፣ ሁለቱ ጥቁር ራስ።