ፓርቲ ጽ/ቤት ደጅ ስጠና ያቃጠልኳት አምስት ወር

ፖላንድ፣ ዋርሶ ውስጥ አንድ የተከራዮች ማህበር ውስጥ ነው የምሰራው፣ ትንሽ ነን፣ ሦስት መቶ ምናምን አባል። የኪራይ ህጉ ላይ የዲፖዚትን ነገር የሚያስተካክል አንድ አንቀጽ እንዲሻሻል ፈልገን ነበር። ደብዳቤ ጻፍን፣ ፊርማ አሰባሰብን፣ እሱ ቀላል ነው። ያቃጠለኝ የፓርቲው ነገር ነው።

እኔ በኢህአዴግ ጊዜ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ፓርቲ ሲባል ከቀበሌ እስከ ላይ የተዘረጋ መዋቅር ነው የሚታየኝ፣ ላይ ያለውን ካሳመንክ ታች ይወርዳል። ስለዚህ "ዋናው ጽ/ቤት እንሂድ" ብዬ የጨቀጨቅኩት እኔው ነኝ። ሄድን። አንድ ኮሪደር፣ አንዲት ጸሐፊ፣ ግድግዳ ስር የተቆለለ ያለፈው ምርጫ ፖስተር። ይሄ ነው እንዴ ፓርቲ? በኋላ ነው የገባኝ፣ ከኮሚኒስቶቹ በኋላ የመጡት ፓርቲዎች አባላቸው ጥቂት ነው፣ ምርጫ ላይ 3 በመቶ ያለፈ ፓርቲ ከመንግስት ድጎማ ያገኛል፣ ድርጅት ለፓርቲ ብር መስጠት ደግሞ ክልክል ነው። እና ማህበር ይዘህ ስትሄድ ምንህን ይፈልጋሉ? ድምጽህን፣ ያውም ምርጫ ሲደርስ።

የተቀበለን ሰውዬ 40 ገጽ ሪፖርታችንን ፈርፈር አደረገና "አባሎቻችሁ የት የት ከተማ ናቸው?" ብቻ ጠየቀ። ባለሙያዎቻችን ያዩታል አለ። አምስት ወር ደወልኩ፣ ጸሐፊዋ ድምጼን ለይታው ገና ሄሎ ስል "እያዩት ነው" ትለኛለች። ምርጫ ሲቃረብ ራሳቸው ደወሉ! ሻዬን ሳልጨርስ በረርኩ፣ ለካ ፎቶ ፈልገው ነው። ተነሳን፣ ፔጃችን ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፣ በዚሁ በእጄ።

በሳምንቱ የተቃራኒው ፓርቲ የፓርላማ አባል ረዳት፣ ስንት ወር የለፋሁበት ልጅ፣ "እናንተ የነሱ ናችሁ" ብሎ ቀጠሮ ሰረዘ። ከምርጫው በኋላ ደግሞ ጉዳያችን የሚታይበትን የፓርላማ ኮሚቴ የያዙት የሱ ሰዎች ሆኑ። አለቃዬ አስጠንቅቃኝ ነበር እኮ፣ ሶሊዳሪቲ የሰራተኛ ማህበር ሆኖ ያቋቋመው ጥምረት በፈረንጆቹ 1997 አሸንፎ መንግስት መሰረተ፣ በ2001 አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም፣ ከፓርቲ ጋር የተለጠፈ ከፓርቲው ጋር ይወድቃል ብላኝ ነበር። የድሮ ሰው ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ብጀምር ዋናው ጽ/ቤት ዝር አልልም። ሴይም፣ ማለትም የፖላንድ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት፣ 460 አባል አለው፣ አንተ የምትፈልገው ጉዳይህ የሚታይበት ኮሚቴ ውስጥ ያሉትን ነው፣ እነሱም በየምርጫ ክልላቸው ቢሮ አላቸው፣ ቢሮውን የሚያንቀሳቅሰው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ሪፖርት አያነብም፣ አንድ ገጽ ስጠው፣ በግራ የድሮው አንቀጽ በቀኝ አንተ የጻፍከው፣ ኮፒ አድርጎ የሚያስገባው ዓይነት። በዚያው ቀን የሌላውም ፓርቲ ቢሮ ሂድ።

የፓርላማው መመሪያ ላይ የህዝብ አስተያየት መድረክ አለ ይላል፣ በፈረንጆቹ 2005 የወጣው የሎቢ ህግ፣ ማለትም ህግ አውጪዎችን ስለማግባባት የሚደነግገው፣ ያመጣው ነው። እሱን አትጠብቅ። መጀመሪያ ኮሚቴው ራሱ መወሰን አለበት፣ ከ10 ቀን በፊት ትመዘገባለህ፣ አንዴ ብቻ ትናገራለህ፣ አዳራሽ ጠበበ ተብሎም ሊሰረዝ ይችላል።

አንቀጿ አሁንም ኮሚቴ ናት። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ፣ ያ ረዳት ግን ስክሪንሹቱን ይዞታል፣ በቀደም እየሳቀ አሳየኝ።