ይሄ የኛው ነው

ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ስገባ ያልመከረኝ ሰው የለም፤ “አውሮፕላኑ አያስተኛህም” ተባልኩ። ሦስት ዓመት ሞላኝ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌሊት እየጠበቅን የምንቀዳው ውሃ እንጂ አውሮፕላኑን ከረሳሁት ቆየሁ።

ሰሞኑን ግን እንደገና መስማት ጀምሬያለሁ። አክስቴ፣ እትዬ፣ ከጅንካ ለሕክምና መጥተው እኔ ጋ ናቸው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው አንዱ በተነሳ ቁጥር ሲኒያቸውን አስቀምጠው ቀና ይላሉ። ጄት ከሆነ ዝም። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 እያጓራ ሲመጣ ግን “ይሄ የኛው ነው” ይላሉ። ጎንደርም ይሂድ ጅማ፣ ለሳቸው የጅንካ ነው።

አልፈርድባቸውም። የድሮው የጅንካ ማረፊያ ሣር ነበር፣ ያውም መሀል ከተማ፤ ቤቱ ሁሉ ሜዳውን ከቦ ነው የተሠራው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። እትዬ ከብት ጠባቂ ነበሩ። ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይዞራል፤ “ከብታችሁን አንሱ” ማለቱ ነው። ልጆቹ ዱላ ይዘው ይሮጣሉ፣ ሁለተኛ ዞሮ ያርፋል። አንድ ቀን የሳቸው ጥጃ አሻፈረኝ ብላ አብራሪው ሦስተኛ ዞረ፤ ማታ አባታቸው የገረፏቸውን እስከዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። ክረምት ሲሆን ጭቃው አያሳርፍም፣ ደብዳቤውም መድኃኒቱም ይቀራል። “የሚሳፈረው ሹምና ነጋዴ ነበር፤ ለኛ ሜዳው ይበቃን ነበር” አሉኝ።

የቦሌው መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፣ ሩጫ ይፈልጋል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። “ይህን ሁሉ ማን ይጠብቃል?” አሉ። ከብቱን ማለታቸው ነው።

አሁን ጅንካም አስፋልት ማረፊያ አላት። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ አርባ ምንጭ አድሮ፣ ወገባቸው አልችል ስላለ ልጆቻቸው አዋጥተው አሳፈሯቸው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ቦርዲንግ ፓሷን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋታል። ትናንት ፈትተው አሳዩኝ።

“እነዚህ ሦስት ፊደላት ምንድን ናቸው?”

“ቢ፣ ሲ፣ ኦ። ባኮ ለማለት ነው።”

“የወለጋ መንገዱ ባኮ?”

“አይደለም፣ እዚያው ጅንካ አጠገብ ያለው የእናንተው ባኮ። የጅንካ ማረፊያ መለያው እንደዚያ ነው።”

“እኔ የተሳፈርኩት ከጅንካ ነው” ብለው ኮስተር አሉ። እኔ ነኝ የጻፍኩት የሚመስል ነገር።

ረቡዕ ይመለሳሉ፣ በአውቶቡስ። የመልሱ ትኬት ከአቅማችን በላይ ሆኖ አፍሬ ስነግራቸው፣ “በአውሮፕላን ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፤ ስመለስ በማታ ነው የምደርሰው” አሉና ወረቀቷን አጣጥፈው መልሰው ቋጠሯት።