ተራችሁ አይጠፋም

የመሥሪያ ቤታችን የእሳት ደወል የምሩን የጮኸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ወደ ሠላሳ የሚሆን ባለጉዳይ ተሰልፏል። ደወሉ ሲጮህ ማንም ንቅንቅ አላለም። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያየን። «ሙከራ ይሆናል» አለ አንዱ። ባለጉዳዮቹ ደግሞ እኛን ያያሉ። እኛ ካልተነሳን እነሱ ለምን ይነሳሉ?

የተነሳነው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተን ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቷል፤ እሱ ላይ ደግሞ የእግር ማሞቂያ። ግሎ ግሎ ቀለጠና አጠገቡ የተከመረውን ወረቀት ያዘው። ወደ ኋለኛው ደረጃ ሮጥን። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ምድር ላይ፣ ጥበቃዎቹ ጋ ነው። ተመልሰን በዋናው ደረጃ ወረድን፤ ምንም ሳያውቅ ከታች ከሚወጣው ሰው ጋር እየተጋፋን። እሳቱን አንድ የመዝገብ ቤት ባልደረባችን ገና ሳይስፋፋ በዱቄት ማጥፊያ አጠፋው። ማንም አልተጎዳም።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓይኔ ላይ የሚመጣው እጄ ላይ አልከፈት ያለው በር ነው።

በማግስቱ ለምን እንደሚቆለፍ ጠየቅሁ። ዕቃ እንዳይሰረቅ ነው ተባልኩ። እውነት ነው፣ ከዚህ በፊት ተሰርቆብናል። ግን በፈረንጆቹ መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የተባለው የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። ባለቤቶቹ ሠራተኛው ጨርቅ ይዞ እንዳይወጣ ይፈሩ ነበር። 146 ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ይህንን ጽፌ ለኃላፊዎቹ አስገባሁ። ሁለት ወር ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን ከውስጥ ሲገፉት ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ከውጭ የማይከፈት ብረት ተገጠመለት። ሲከፈት ይጮሃል። ሌባም ሰውም አንድ ላይ ታሰበላቸው።

የፎቃችን የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የተጣላሁት በየደረጃው በር ሥር ከሚሸጎጠው ወንበር ጋር ነው። «አየር እንዲገባ» ይሉኛል። ያ በር ክፍት ከሆነ ጭሱ ደረጃው ውስጥ ይገባና ማምለጫችን ራሱ የጭስ ማውጫ ይሆናል። በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው ነበልባል ነክቶት ሳይሆን በጭስ ታፍኖ ነው። ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስን ያዞራል፣ ጉልበት ይነሳል፤ ሰውየው በሩ አጠገብ ደርሶ ይወድቃል። ስለዚህ ጭስ ካለ ዝቅ ብሎ፣ ካስፈለገም እየዳሁ መሄድ ነው፤ የሚሻለው አየር ከታች ነው። ሊፍት አይነካም። መብራት ቢጠፋ መሀል ላይ ያስቀራል፣ ጭስም በጉድጓዱ ይገባል።

አራተኛ ፎቅ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ባልደረባ አለን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ሊፍት አይጠቀሙ» ብሎ ያበቃል። እሱስ? ሄጄ ራሱን ጠየቅሁት። «ዝም ብላችሁ እንዳታነሱኝ፣ ጀርባዬን ትጎዱታላችሁ» አለኝ። እንዴት እንደሚያዝ ሁለት ሰው መርጦ አስተማረ። ደረጃ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድ ልዩ ወንበርም ተገዛ፤ አሁን ከቢሮው ደጃፍ ተሰቅሏል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሰልፉ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ሕንፃው ባዶ እስኪሆን 11 ደቂቃ ፈጀብን። አንዲት እናት መስኮቴ ፊት ቆመው አልንቀሳቀስም አሉ። «እማማ፣ እባክዎ ይውጡ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከንጋት ጀምሮ ነው የተሰለፍኩት። ወጥቼ ስመለስ ተራዬን ማን ይሰጠኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከኋላቸው ያሉትም ሁሉ የሚያስቡት ይህንኑ ነው። አጥብቀው የያዟት የተራ ቁጥር ወረቀት በላብ ረጥባለች።

ብዙ ሰው በአደጋ ጊዜ በገባበት በር ለመውጣት ይሞክራል። ባለጉዳይ ደግሞ የሚያውቀው የገባበትን በር ብቻ ነው። ቀስት ያለበት አረንጓዴ ምልክት ብቻውን አይመልሰውም፤ ሰው ቆሞ «በዚህ በኩል!» ሊለው ይገባል። እናም እንዲህ ተስማማን። ደወሉ እንደጮኸ ከየመስኮቱ አንድ ሠራተኛ ተነስቶ ኋለኛው ደረጃ በር ላይ ይቆማል። ሌላው የደረሰበትን ተራ ቁጥር ጽፎ ይይዝና ጮክ ብሎ «ተራችሁ አይጠፋም፣ ከቆምንበት እንቀጥላለን» ይላል። የመጨረሻው ሰው ሽንት ቤቶቹን አንኳኩቶ ያያል፣ በሮቹን ሳይቆልፍ ይዘጋል። ውጭ፣ መሰብሰቢያው ቦታ ላይ፣ ቁጥሩ እንደገና ይነበባል።

ሦስተኛው ልምምድ ባለፈው ሳምንት ነበር። አራት ደቂቃ ከምናምን ፈጀ። መሰብሰቢያው ላይ ወረቀቴን አውጥቼ «47 ላይ ነው የቆምነው» ስል አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «48 እኔ ነኝ» አሉ። ስንመለስ ቀድመው መስኮቴ ጋ የደረሱት እሳቸው ነበሩ።