ስንት ቀን ቀረው? ጳጉሜን ሳይዘሉ በኤክሴል መቁጠር

አራት ኪሎ አካባቢ ላለ ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪና የመጽሔት ትእዛዝ ስንት ቀን እንደቀረው፣ ካለፈም ስንት ቀን እንደሆነው የሚያሳይ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለወጥ አያስፈልግም፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚያ ላይ ነው።

ዓመት፣ ወርና ቀን በየአምዳቸው ይገባሉ፤ ጳጉሜ 13ኛ ወር ናት። ዓመቱን በ365 አባዛለሁ። በዚያ ላይ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር (ትርፉ ይጣላል)፣ ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 የተባዛውን፣ በመጨረሻም ቀኑን እደምራለሁ። ለመስከረም 1 ቀን 2000 730501 ይመጣል፤ ለዓድዋ፣ ለየካቲት 23 ቀን 1888፣ 689765። ልዩነቱ 40736 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ዓድዋ እሑድ ነበር፣ ሚሌኒየሙ ረቡዕ ገባ። ቀመሩ ሠርቷል።

ዛሬን ለማግኘት በ«ቱዴይ» ፎርሙላ ላይ 691164 መደመር ይበቃል። ከቀጠሮው ቁጥር ላይ ዛሬን ስቀንስ ኔጌቲቭ ከመጣ ቀኑ አልፏል ማለት ነው። ሁሉም ቀጠሮ በ1462 ቀን ከራቀ ፋይሉ ከድሮ ማክ የመጣና እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሚቆጥር ነው፤ ሴቲንጉን መቀየር ነው።

ጳጉሜ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 3 በጣቱ የሚቆጥር 8 ቀን ይላል። 13 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 14። መዘዙ እስከ ገና ይደርሳል፦ ታኅሣሥ 29ን ቋሚ አድርጌ ነበር፣ ከሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ገና 28 ላይ ይውላል። 2016 እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ነው። ዓመቱ ያለ ቀሪ ለ4 ከተካፈለ 28 በል የሚል ሁኔታ ጨመርኩበት። ፋሲካን ከካላንደር እገለብጣለሁ፤ ባሕረ ሐሳብን ኤክሴል ውስጥ ማስገባት ለአንድ በዓል ብዙ ድካም ነው።

ሰዓት ካስፈለገ በ«ቱዴይ» ፈንታ «ናው» ይገባል። በቀጠሮው ሰዓት ላይ 12 እንደ 0 ይቆጠርና ለቀን ሰዓት 6፣ ለማታ 18 ተደምሮ፣ ከሌሊቱ 6 ጀምሮ ግን 6 ተቀንሶ ለ24 ይካፈላል፤ ውጤቱ በቀጠሮው ቁጥር ላይ ይደመራል። ኤክሴል ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚል ትእዛዝ ሳይጠየቅ አይመዘገብም። «ለእሑድ አጥቢያ» ከሆነ ቀኑ የእሑድ ተብሎ ይገባል።